ከአሸንዳ እስከ ጉድጓድ

«ጋሼ፣ ዛሬስ ይቅርብህ። በዚህ ዝናብ ቬኒስ ሄደህ ምን ልታይ ነው?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጉም የያዘውን መስኮት በእጇ ጠርጋ ወደ ውጭ እያየች። የምትኖረው መስትሬ ነው፤ ወደ ቬኒስ የሚወስደው ረጅም ድልድይ ከየብስ የሚነሳባት ከተማ። ወሩ ኅዳር ነበር። ለእኛ ኅዳር አጨዳ ነው፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀን የጠራ ሰማይ። እዚያ ግን ሺሮኮ የሚሉት እርጥብ ነፋስ ደመናውን ከደቡብ ምሥራቅ እየነዳ ያመጣና ባሕሩ ጫፍ ላይ ያራግፈዋል። ዣንጥላ ይዤ ወጣሁ። ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ነፋሱ ገለበጣት። ከመንገድ ሌላ ገዛሁ፤ እሷም ከምሳ ሰዓት አላለፈችም።

ከዚያ በፊት ቬኒስን አንድ ጊዜ በሐምሌ አይቻት ነበር። አየኋት ማለት ከተቻለ ነው፤ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። በኅዳር ዝናብ ግን ሰው የለም። ደግሞም የድልድዮቹ ደረጃ ሲረጥብ ስለሚያዳልጥ እግርን እያዩ መሄድ ግድ ነው። ከ400 በላይ ድልድይ ባለበት ከተማ እግርን እያዩ መዋል ማለት ከተማዋን ከታች ወደ ላይ ማየት ማለት ነው። እኔም አቀርቅሬ ስሄድ ነው አራቱን ድንጋዮች ያገኘኋቸው።

ትንሽ አደባባይ ነበረች። ቬኒሶች አደባባይን «ካምፖ» ይሉታል፤ ሜዳ ማለት ነው። ፒያሳ የሚባለው የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ብቻ ነው። መሃል ላይ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ጉድጓድ አፍ አለ፤ በላዩ የብረት ክዳን ተደፍቶበታል። ዝናቡ ዶፍ ነበርና መሬቱ ላይ የሚሄደው ውሃ በግልጽ ይታያል። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አደባባዩ በአንድ በኩል ከቦይ ጋር ይዋሰናል፤ ውሃ መሄጃ አጥቶ አይደለም፤ ሃያ እርምጃ ቢፈስ ቦዩ ውስጥ ይገባል። እሱ ግን ለቦዩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አደባባዩ ውስጥ ይሄዳል። ጉድጓዱ አፍ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ደግሞ ይጠፋል። የሚጠፋው ከግራጫው ንጣፍ መሃል ለብቻቸው በተቀመጡ አራት ነጭ ድንጋዮች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ የተበሳ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ዝም ብሎ የተነደሉ አይደሉም፤ ጠርዛቸው ተሞርዶ ልሟል፤ ውሃው ሲገባ አይንቦጫረቅም። ተጠግቼ ጎንበስ አልኩ። ከሥር ድምፅ አለ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት።

በደረቅ ቀን ብመጣ ኖሮ እነዚያ ድንጋዮች አራት የተበሱ ድንጋዮች ብቻ ይሆኑብኝ ነበር፤ በሐምሌም ምናልባት በላያቸው ሄጃለሁ።

ቬኒስ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ውሃ የጠማት ከተማ ነበረች። ዙሪያዋን የከበባት ጨው ነው። ምንጭ የላትም፤ መሬቷን ብትቆፍር የሚወጣው ያው ጨዋማ ውሃ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. እስከ 1884 ድረስ፣ ብዙ መቶ ዓመት፣ በዋናነት የጠጣችው የሰማይ ውሃ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1858 ሲቆጠር በከተማዋ ውስጥ ከ6,000 በላይ የግል ጉድጓዶችና 180 የሕዝብ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ጉድጓድ ስል ግን እኛ የምናውቀውን፣ ከምድር በታች ያለውን ውሃ ፍለጋ የሚቆፈረውን ማለቴ አይደለም። የቬኒስ ጉድጓድ ተቃራኒው ነው፤ ከምድሩ ውሃ ተከልሎ የሰማዩን የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። ዕቃው ደግሞ ጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን አደባባዩ በሞላ ነው።

ሲሠሩት እንዲህ አድርገው ነበር። መጀመሪያ አደባባዩን አራት አምስት ሜትር ይቆፍሩታል፤ ከባሕሩ ወለል በታች ማለት ነው። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ ቁፋሮው ሲያልቅ አፉን የከፈተ ትልቅ ገበቴ ይመስላል። ገበቴውን በሙሉ ውሃ በማያሳልፍ እርጥብ ሸክላ አፈር ይመርጉታል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ምርጊት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያውቃል። እኛ ቤት ምርጊቱ ቢሰነጠቅ በማግሥቱ እፍኝ ጭቃ ተይዞ ይደፈናል። እዚያ ግን አንዲት ስንጥቅ ብትቀር የባሕሩ ጨው ሰርጎ ይገባና ጉድጓዱ ሞተ ይባላል፤ ስንጥቋን ለማግኘትም አደባባዩን እንደገና መቆፈር ነው። ምርጊቱ አልቆ ሲፈተሽ የገበቴው ወለል ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያነጥፋሉ። በእሱ ላይ የጉድጓዱን ግንብ በክብ ያቆማሉ፤ ጡቡ ራሱ ለዚሁ ተብሎ ጎበጥ ተደርጎ የተጠበሰ ነው። በታችኛው ክፍል ጡብና ጡብ መሃል ኖራ አይገባም፤ ውሃው እንዲያልፍ። በግንቡና በሸክላው መሃል የቀረውን ሰፊ ቦታ ደግሞ በአሸዋ ይሞሉታል፤ የባሕር ዳር አሸዋ ጨው ስላለበት አይሆንም፤ ከወንዝ የመጣ ንጹሕ አሸዋ ነው። ከላይ ተነጠፈ፣ አራቱ ነጭ ድንጋዮች ተቀመጡ፣ የጉድጓዱ አፍ ተተከለ።

አሁን ዝናቡ ይምጣ። በአራቱ ድንጋዮች ይገባል። ከሥራቸው ወለል የሌለው የጡብ ቤት አለ፤ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ነው። እዚያ ይጠራቀምና ወደ አሸዋው ይሰርጋል፤ ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ ወደ መሃል፤ ጠላ በማጥለያ እንደሚያልፍ ዝቃጩን እያስቀረ፣ በጡቦቹ መሃል ሾልኮ ጉድጓዱ ውስጥ ጠርቶ ይቆማል። ይህን ሁሉ መንገድ ሲሄድ የሚነዳው ሞተር፣ የሚያዝዘው ሰው የለም። የሚነዳው ክብደቱ ነው።

እጅግ የገረመኝ ሌላው ነው። የዚህ ሁሉ ሥራ ዘጠኝ እጁ የተቀበረ ነው። ሠሪዎቹ፣ ፖዜሪ ይባሉ ነበር፣ ምርጊታቸውን ማንም እንደማያይላቸው እያወቁ ነው የመረጉት። ከላይ የቀረው ሥራቸው ደግሞ ተዳፋቱ ነው፤ እሱም ለዓይን አይታይም። በእግር ቢሄዱበት አይታወቅም። ካፌዎች ጠረጴዛ ዘርግተውበታል፤ ማኪያቶው ከስኒው አያዘነብልም። ውሃ ግን ያውቀዋል። ከአራት አቅጣጫ የመጣ ውሃ፣ የቱም ጋ ሳይቆም፣ የቱም ጋ ኩሬ ሳይሠራ፣ ወደየድርሻው ቀዳዳ ይሄዳል። እኔ ኮብልስቶን በተነጠፈ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው የኖርኩት። ንጣፉ የተመረቀ ዕለት ጨፍረናል፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው በሙሉ አቅጣጫውን ወደ ግቢያችን በር አደረገ። ድንጋይ መጥረብ የሚችል ሰው ሞልቷል። ድንጋዩን አንጥፎ ውሃን ወደፈለጉት ማዘዝ ነው ሙያው።

ግራጫው ንጣፍ ማዜኞ ይባላል። ፓዶቫ አጠገብ ካሉት የኤውጋኒ ኮረብቶች የመጣ ትራኪት ነው፤ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ። ሲደርቅ መልክ የለውም፤ የአመድ ቀለም ነው። ሲረጥብ ግን ይጠቁርና ውስጡ ያሉት ነጫጭ ፍንጣቂዎች ይወጣሉ። ፊቱ ለስላሳ አይደለም፤ እግር እንዲቆነጥጥ በመሮ ተወቅሯል፤ ብዙ ቦታ ላይ የሰው ጫማ የመሮውን ምልክት ቢያጠፋውም ድንጋዩ በባሕርዩ ሸካራ ነው። የሚያዳልጠው ሌላው ነው፤ የድልድዮቹን ደረጃ ጠርዝ የያዘው ነጩ የኢስትሪያ ድንጋይ። ይህ ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ እምብዛም አይገባውም። ቬኒሶች የቤታቸውን እግር በእሱ የሠሩት ለጌጥ አይደለም። ጡብ ውሃን እንደ ኩበት ነው የሚጠጣው፤ ከቦዩ የሚወጣው ጨዋማ እርጥበት ወደ ግድግዳው እንዳይሳብ ነጩ ድንጋይ መሃል ላይ ገብቶ ይከለክላል። በአንድ ግድግዳ ላይ ከታች ነጭ ከላይ ቀይ ሲታይ ቀለም ይመስላል፤ ሥራው ግን በር መዝጋት ነው።

ነጩ ድንጋይ ከዝናብ ጋር ሌላም ጉዳይ አለው። ዝናብ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ እየታጠበ ይነጣል፤ ዝናብ የማይደርስበት ጥላ ግን ጭስና አቧራ ይይዝና ጥቁር ቅርፊት ያበጃል። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ ግንባር ያሉ ሐውልቶች ግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር ናቸው። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ ትከሻቸው ነጭ፤ ከቅንድባቸው ሥር፣ ከአገጫቸው በታች፣ የልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ጥቁር። ኩል የተኳሉ ይመስላሉ። ቀራጩ ጥላ እንዲሆን ብሎ በጥልቀት የፈለፈለውን ቦታ ዝናቡ ሳይነካው ስለቀረ ጥላው ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ፀሐይ ባልወጣበት ቀን እንኳ ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ሐውልት አጣቢዎች ጥቁሩን እያነሱ ሁሉንም እኩል ነጭ ሲያደርጉት፣ ድንጋዩን ከቅርፊቱ ማዳን እንደሆነ ቢገባኝም፣ ለዓይኔ የከሰሩ ነው የሚመስለኝ።

ወደ ጉድጓዱ አፍ ልመለስ። ጥንታውያኑ ከሮማውያን ፍርስራሽ በተገኘ ዓምድና መሠዊያ የተሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህም ይሆናል በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ትልቅ የዓምድ ራስ የሚመስሉት፤ ከታች ክብ፣ ከላይ አራት ማዕዘን፣ ማዕዘኖቹ ላይ ቅጠል የተጠቀለለባቸው። ያሠራው ባለጸጋ ቤተሰብ ጋሻ ከነምልክቱ ይቀረጽበታል። የቬኒስ ሪፐብሊክ በ1797 ሲወድቅ ምልክቱ የነበሩት ብዙ የቅዱስ ማርቆስ አንበሶች በመሮ ተፍቀዋል፤ ዛሬም አንበሳው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ የሚታይበት ድንጋይ አለ። የተፋቀው ምልክት ከተቀረጸው በላይ ዓይን ይስባል።

ከቀራጩ እጅ ይልቅ ግን የያዘኝ የገመዱ ሥራ ነው። የጉድጓዱን አፍ ከንፈር በእጅ ሲዳብሱት ሸንተረር ሸንተረር ነው። አንዳንዱ ጣት ያስገባል፤ አንዳንዱ ሁለት ጣት። ባልዲ የታሰረበት ገመድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ ድንጋዩን እንደ መጋዝ በልቶታል። ሸንተረሩ እኩል አለመሆኑም ያስታውቃል፤ ሴቶቹ የሚቆሙበት የተመረጠ ቦታ ነበራቸው፤ በፀሐይ በኩል ይሁን በቤታቸው በኩል እንጃ፣ በአንድ ጎን ጥልቅ ነው በሌላው የለም ማለት ይቻላል። ጉድጓዱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ደወል ተደውሎ፣ የሰፈሩ ኃላፊ ከፍቶ ነበር የሚቀዳው። በየቤቱ ውሃ እያደረሱ የሚሸጡ ሴቶችም ነበሩ፤ ቢጎላንቲ ይባላሉ። እንስራ በጀርባ እንደ እኛ እናቶች አይደለም፤ ጎበጥ ያለ እንጨት በትከሻ ላይ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ የመዳብ ባልዲ ያንጠለጥላሉ። ሰማይ የከለከለ ዓመት ደግሞ ከብሬንታ ወንዝ በጀልባ ውሃ ይመጣና በዚያው በአሸዋው በኩል ይጠለል ነበር።

የታወቁትንም አየሁ። ካ ዶሮ በሚባለው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለውን የጉድጓድ አፍ ባርቶሎሜዎ ቦን በ1427 ነው የቀረጸው። ቀይ የቬሮና እብነ በረድ ነው፤ በጎኖቹ ኃይል፣ ፍትሕና ምጽዋት በሴት አምሳል ተቀምጠዋል። የቬሮና ቀይ ሲደርቅ ሐመር ነው፤ ያን ዕለት ነፋሱ ዝናቡን ወደ ግቢው ያስገባው ስለነበር የረጠበው ጎን እንደ ሥጋ ቀልቶ ደረቁ ጎን እንደ ጡብ ደብዝዟል። የሴቶቹን ልብስ እጥፋት ተመልከቱ፤ የሚወድቀው ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ የድንጋዩን ክብነት ተከትሎ ይዞራል። ቦን ድንጋዩ ዕቃ መሆኑን አልረሳም።

የቬኒስ መሪ በነበረው በዶጁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ግን የነሐስ ናቸው። በ1550ዎቹ ኒኮሎ ዴይ ኮንቲና አልፎንሶ አልቤርጌቲ ናቸው ያቀለጧቸው፤ ሁለቱም መድፍ አቅላጮች ነበሩ። ነሐስን እንደዚያ ያለ ሽንቁር፣ ያለ አረፋ፣ በዚያ ስፋት ማቅለጥ የመድፍ አቅላጭ እጅ እንጂ የጌጥ ሠሪ እጅ አይችለውም። ሙያው ላይ ቃል የለኝም። ነገር ግን ባዶ ቦታ አልተዉም። ሰው፣ አበባ፣ ጭምብል፣ ጋሻ፣ ተረት፣ ሁሉም በላዩ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ሲያጣ ይደክማል። በቅዱሳን ዮሐንስና ጳውሎስ አደባባይ ያለው፣ ሕፃናት የአበባ ጉንጉን ይዘው የሚዞሩበት የድንጋይ ጉድጓድ አፍ፣ ለእኔ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ጉንጉኑ በልጅና በልጅ መሃል ረገብ ሲል የሚተወው ባዶ ድንጋይ አለና። አጠገቡ የቀራጩ የቬሮኪዮ ፈረሰኛ ሐውልት ቆሟል፤ ከአሥር ጎብኚ ዘጠኙ ቀና ብሎ ፈረሱን ነው የሚያየው። አይፈረድበትም፤ ፈረሱም ፈረስ ነው።

ካምፖ ሳንታንጄሎ ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። እዚያ ሁለቱ ጉድጓዶች የተቀመጡበት ወለል ከአደባባዩ በደረጃ ከፍ ብሏል። ምክንያቱ የዝናብ ሳይሆን የባሕር ነው። በመኸርና በብርዱ ወራት ባሕሩ ከልኩ አልፎ የሚነሳባቸው ቀናት አሉ፤ አኳ አልታ ይሉታል። ጨዋማው ውሃ አደባባዩ ላይ ወጥቶ በእነዚያ አራት ቀዳዳዎች ቢገባ አሸዋው ተበላሸ፣ ሰፈሩ ውሃ አጣ። ስለዚህ ሰማይን የሚቀበለውን ወለል ከባሕሩ ከፍ አደረጉት። ዛሬ ይህን ሥጋት የሚከላከለው በሦስቱ የባሕር መግቢያዎች የተተከለው ሞዜ የሚባለው መከላከያ ነው፤ 78 የብረት መዝጊያዎች አሉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕሩን ያቆመው በኦክቶበር 3 ቀን 2020 ነው። ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ጥቂት ደረጃ ከፍ አድርጎ ችግሩን የጨረሰውን ግንበኛ ነው የማደንቀው።

ቀና ብሎ ማየትም ዋጋ አለው፣ አንገት ላይ ውሃ ቢገባም። ከጣሪያው ጫፍ ሥር፣ በድንጋይ ክንዶች ላይ የተጋደመ የድንጋይ አሸንዳ አለ። አሸንዳ እኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት ይበላዋል፣ ነፋስ ያነሳዋል። የእነሱ ከኢስትሪያ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተገጣጠመ ነው። የጣሪያውን ውሃ ይቀበልና በግድግዳው ውስጥ ባለ ቱቦ አውርዶ ለግቢው ጉድጓድ ይሰጣል። ይህን ሳይ አያቴ ትዝ አለችኝ። ክረምት ሲገባ በርሜሉን አሸንዳው ሥር የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ዝናብ ግን አታስቀምጥም፤ «ይጠብ፣ ጣሪያው ይጠብ» ትላለች። ሦስተኛው አራተኛው ዝናብ ላይ ነው በርሜሉ የሚወጣው። ቬኒሶች አሸዋ ነበራቸው፣ አያቴ ትዕግሥት ነበራት። ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያሉ መነኮሳትም ከዐለት በፈለፈሉት ማጠራቀሚያ የዝናብ ውሃ ይዘው ኖረዋል። ውሃ የሌለው ቦታ ላይ ለመኖር የወሰነ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ አፉን የሚከፍት ነገር ይሠራል።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ከነነፋሱ ሲብስ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መጠለያ ፍለጋ ነው ብል ይሻላል። እዚያ ያለው ግን የመነኩሴው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ ነው፤ በ1450 ገደማ፣ በቬኒስና በሙራኖ መሃል ባለችው የሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ውስጥ የተሠራ፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር የሚያህል ክብ ብራና። ደቡብ ከላይ ነው፤ ስለዚህ አፍሪካን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል። መነኩሴው ስለ ኢትዮጵያ ያወቀውን ከራሳቸው ከሀገሬው ካህናት እንዳገኘ፣ አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፎ ትቶልናል። የእነዚያ ካህናት ስም አልተጻፈም። በዚህች ከተማ ወለል ላይ በጫማ ይሁን በባዶ እግር ሲሄዱ፣ ከአንዱ ጉድጓድ አፍ ተቀድቶላቸው የሰማይ ውሃ ጠጥተው ይሆናል። አባይን ለባዕድ የሣለ እጅ እንግዲህ ያ ነው። ቅርጹ ብዙ ቦታ የተሳሳተ ነው፤ ቢሆንም ከሩቅ ሰምቶ ሳይሆን ሄዶበት ያወቀ ሰው የሣለው መሆኑ ያስታውቃል፤ ተራሮቹ በዝተዋል።

በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ሲመለሱ ይዘው ከሄዱት መካከል ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ንጉሡ ከዚህች ከተማ ከፈለጉት ነገር አንዱ እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ ኢትዮጵያ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ እዚያው ኖረ፣ እዚያው ሣለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አግኝቶታል፤ ሕፃኑን ክርስቶስ በእመቤታችን ግራ እጅ ላይ አድርጎ በመሣሉ ጫጫታ እንደተነሳበትም ይነገራል፤ ግራ እጅ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። የሠዓሊው ዘመን ንጉሥ ግን ሥዕሉ እንዲጠፋ አልፈቀዱም ይባላል።

ከቤተ መጻሕፍቱ ስወጣ ጨልሟል። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባዶ ነበር። ንጣፉን አንድሬያ ቲራሊ በ1723 ነው የነደፈው፤ ግራጫ ትራኪት በነጭ የኢስትሪያ ድንጋይ ተሸንሽኖ። በሐምሌ ስሄድበት ነጩ መስመር መኖሩንም አላየሁም። ያን ምሽት መብራቱ በረጠበው ድንጋይ ላይ ሲወርድ ግራጫው ጠፍቶ ነጩ ብቻ ቀረ፤ ቀጭን ጥለት ያለው ነጠላ መሬት ላይ የተዘረጋ ይመስል ነበር።

ጉድጓዶቹ ሥራ የፈቱት በሰኔ 1884 ነው፤ ከየብስ በቧንቧ ውሃ ሲገባ። ብዙዎቹ አፎች ተነቅለው ለውጭ ሰዎች ተሸጡ፤ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያሉ አሉ፤ ሌሎቹ የባለጸጋ አትክልት ቦታ ውስጥ አበባ ይተከልባቸዋል። አደባባዩ ተነቅሎ አይሸጥም፤ እሱ ቀርቷል። የጉድጓዱን አፍ ብቻ ገዝቶ የሄደ ሰው የጀበናውን ክዳን ገዝቶ ነው የሄደው።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ያየሁትን ነገርኳት። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ የኖረች ናት፤ በየቀኑ ለሥራ ወደ ቬኒስ ትሻገራለች። «እኔ እኮ ጋሼ፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ነበር የሚመስለኝ» አለች። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፣ ሥራ የላትም፤ ዝናቡም አላቆመም። ቦቲ ጫማ አድርጋ አብራኝ ወጣች።

ቬኒስ የምትሄዱ ከሆነ በኅዳር ሂዱ፤ ዝናብ ከያዘም ሆቴል ውስጥ አትቀመጡ። ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት እርምጃ ራቁና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉት። ዣንጥላ ከመንገድ አትግዙ።